ለእንቁጣጣሽ የመክሳት ጭንቀት፦ እናንተ እንዴት ተወጣችሁት?

አደይ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ አምና ለእንቁጣጣሽ ያሰፋሁትን የሀበሻ ቀሚስ ከሻንጣ አውጥቼ ስለካው ዚፑ ወገቤ ላይ ሲደርስ አልሄድ አለ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ «ትንፋሽሽን ያዢ» እያለች ስትስብ፣ እኔ በመስታወቱ ውስጥ የማየው ቀሚሱን ሳይሆን በዚፑ ግራና ቀኝ ያበጠውን ሥጋዬን ነበር። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከዚህ ሌላ የማስበው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ነገሩ የአንድ ቀሚስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍኩት ነበር። ነሐሴ ከገባ ወዲህ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር «አዲሱን ዓመት በአዲስ ሰውነት» የሚል የጂም ማስታወቂያ፣ ቦርጭ ያጠፋል የሚባል ሻይ፣ ወገብ ያቀጥናል የሚባል ቀበቶ ይመጣብኛል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ የፍልሰታን ጾም እንኳ ሳይቀር «ያው ዳይትም ነው» እያሉ የኪሎ መቁጠሪያ አድርገውታል። ከሥራ ስወጣ አስፋልቱ ዳር ሚዛን አስቀምጦ የሚሠራ ልጅ አለ፤ ድሮ ልብ ሳልለው የማልፈውን ልጅ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እየከፈልኩት እመዘናለሁ፤ ግማሽ ኪሎ ጨምሬ ከተገኘሁ በዚያ ምሽት እራት አልበላም።

በዚህ ላይ የዘመድ አንደበት አለ። በዓል ሲሆን የምንሰበሰበው አያቴ ቤት ነው። አያቴ ስታየኝ «ወፈርሽልኝ፣ ተመችቶሻል ማለት ነው» ብላ ደስ ሲላት፣ የአክስቴ ልጆች እዚያው ቆመው «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የወፈርሽው?» ይሉኛል። ካቻምና ታምሜ በከሳሁ ጊዜ ደግሞ እነዚሁ ልጆች «እንዴት አምሮብሻል! ምን ተጠቅመሽ ነው?» ሲሉኝ፣ አያቴ ፊቷን አዙራ አልቅሳ ነበር።

በእግሬ መሄድ እወዳለሁ፤ ሰው በዓመቱ መባቻ ራሱን ለማሻሻል መመኘቱንም አልነቅፍም። የምጠይቃችሁ ገላዬን ሳልጠላው እንዴት ልንከባከበው እንደምችል፣ ይህን የነሐሴና የጳጉሜን ግፊትም እናንተ በምን እንደተቋቋማችሁት ነው።

የሽሮ ሜዳው ልብስ ሰፊ፦

ሰላም፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛልና ልጄ ልበልሽ። የሀገር ባህል ልብስ ስሰፋ 22 ዓመቴ ነው፤ ስለ ጤና የማውቀው ነገር ባይኖርም ስለ ወገብ ግን ብዙ አይቻለሁ። ነሐሴ በመጣ ቁጥር፣ ሜትሩን ስጠመጥምባቸው ሆዳቸውን ወደ ውስጥ የሚስቡ፣ ቁጥሩን ስጽፍ ደግሞ «ከዚያ ላይ አራት ሴንቲ ቀንስ፣ እስከ በዓሉ እከሳለሁ» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን እንዳሉኝ አድርጌ እቆርጥ ነበር፤ ከዚያ ጳጉሜን ላይ ግማሾቹ ተመልሰው ይመጡና ሌሊቱን ሙሉ ስተረትርና ስቀጥል አድር ነበር። አሁን በለካሁት ልክ እሰፋለሁ፤ በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ እተዋለሁ፤ ለባለቤቷ ግን አልነግራትም። እስካሁን የከሰሰኝ የለም።

ቀሚስሽን ገልብጪውና የጎኑን ስፌት ተመልከቺ። ሰፊው ትርፍ ትቶልሽ ከሆነ መተርተር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ጥለቱ በደረትና በጫፍ ላይ ስለሆነ አይነካም። ትርፍ ከሌለውም ከብብት እስከ ዳሌ ቀጭን የሸማ ቁራጭ ገብቶለት እጅሽን ካላነሳሽ በቀር አይታይም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእናቶቻችን ቀሚስ ዚፕ አልነበረውም። ሰፋ ብሎ ተሰፍቶ በመቀነት ይታሰር ስለነበር፣ ሴቲቱ ብትወፍርም፣ ብታረግዝም፣ ወልዳ ብትከሳም መቀነቱ ይላላል ወይም ይጠብቃል እንጂ ልብሱ አይጣልም ነበር። ዚፑን የምንገጥመው እኛ ሰፊዎቹ ነን፤ ጥፋቱን ግን ገላችሁ ላይ ትጥሉታላችሁ።

የአመጋገብ ባለሙያ፦

ጠያቂያችን ከጻፉት ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ስለ ሚዛኑና ስለ እራቱ ያሉት ነው። የማንኛውም ጤነኛ ሰው ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ከአንድ ኪሎ በላይ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጨው የበዛበት ምሳ፣ የወር አበባ መቃረብ፣ የሆድ ድርቀት፣ የጠጡት ውኃ ሁሉ ሚዛኑ ላይ ይታያሉ። ጫማና ጃኬት ሳያወልቁ፣ ባልተስተካከለ የእግረኛ መንገድ ላይ በተቀመጠ ሚዛን የታየ ግማሽ ኪሎ ስለ ስብ የሚናገረው ነገር የለም።

በመጀመሪያው ሳምንት «አራት ኪሎ ቀነስኩ» የሚያሰኘው ፈጣን ዳይትም ምስጢሩ ይኸው ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ሰው በድንገት ምግብ ሲያቆም ስንቁ ይሟጠጣል፣ ውኃውም አብሮ ይወጣል፤ መብላት ሲጀምር ሁለቱም ይመለሳሉ። የበዓሉን ዶሮ ወጥ በልተው በማግስቱ ሲመዘኑ ያዩት ጭማሪ በአብዛኛው ይህ ውኃ ነው። ስለ ሻዮቹ ከጠየቁ፣ ሰና የተባለው ቅጠል ያለባቸው የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ከአንጀት ውኃና ማዕድን ያወጣሉ እንጂ ስብ አይነኩም፤ አዘውትሮ መጠጣታቸውም ይጎዳል።

ብዙዎች የሚጨነቁበት ቢኤምአይ፣ ማለትም ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ በማካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቤልጂየም ተወላጅ የአዶልፍ ኬትሌ ስሌት ነው። ኬትሌ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ ያጠናውም የብዙ ሕዝብን አማካይ ነበር። ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ ነው መባሉ ለሐኪም እንደ መነሻ ይጠቅማል፤ ጡንቻን ከስብ ስለማይለይ ግን ስለ አንድ ሰው ለብቻው አይፈርድም።

በበሉ ቁጥር ጥፋተኝነት የሚሰማዎት፣ እራት መዝለሉ ልማድ የሆነብዎት፣ ለማስመለስ ወይም የሚያስቀምጥ ነገር ለመውሰድ የሚያስቡ፣ ወይም የወር አበባዎ የተዛባ ከሆነ ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕክምና ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው። ሳያፍሩ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ጤና ክፍል ባለው ሆስፒታል ያማክሩ። እንዲህ ያለው ሕመም እኛ አገር የለም የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል፤ አይስሟቸው።

ሁለት አዲስ ዓመት ያላት (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦

እኛ ሜሪላንድ ያለነው ይህን ጣጣ በዓመት ሁለቴ እንቀበላለን። ፈረንጆቹ ጃንዋሪ ላይ «አዲስ ሰው ሁኚ» ይሉናል፤ እሱን በግድ አሳልፈን ስንጨርስ መስከረም ይመጣና የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ ለፎቶ ስንሰለፍ ያው ነው።

እኔን ያነቃኝ የ14 ዓመት ልጄ ናት። አክስቴ ከጎንደር በቪዲዮ ስትደውል ልጄን አይታ በሙሉ ፍቅር «ውይ የኔ ልጅ፣ ወፈርሽ!» አለቻት። ልጄ ፈገግ ብላ ስልኩን አቀበለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ምሳዋን ከትምህርት ቤት እንደታሰረ ትመልሰው ጀመር። አክስቴ ረሀብንም በሽታንም ያየች ሴት ናት፤ በእሷ አፍ ያ ቃል «ተርፈሽልኛል» ማለት ነው። ልጄ ግን ያንኑ ቃል የሰማችው ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ በምታየው ዓይን ነው። ጠያቂያችን በአያቷና በአክስቷ ልጆች መካከል ያየችው ልዩነት ይህ ይመስለኛል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ፊጂ ደሴቶች ላይ ሞላ ያለ ሰውነት የተወደደ፣ መክሳት ደግሞ ዘመድን የሚያስጨንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ቴሌቪዥን ወደ አንድ አውራጃ ሲገባ አን ቤከር የተባለች ተመራማሪ የአካባቢውን ተማሪ ልጃገረዶች ጠይቃ ነበር፤ ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። ከሦስት ዓመት በኋላ ስትጠይቅ ግን ከመቶ 11 ያህሉ እናደርጋለን አሉ። ሦስት ዓመት ብቻ! ያውም ቴሌቪዥን እንጂ በየኪሱ ያለ ስልክ አልነበረም።

እኔ ያደረግሁት ትንሽ ነገር ነው። አክስቴን ለብቻዋ ደውዬ «እዚህ ልጆቹ ይህን ቃል በሌላ ይተረጉሙታል፤ እባክሽ ስለ ቁመቷ፣ ስለ ትምህርቷ ጠይቂልኝ» አልኳት። አልተቀየመችም፤ አሁን «አደግሽልኝ» ትላታለች። ወፍራም ቀጭን እያሉ በሰው ገላ ላይ የሚፈርዱ ገጾችንም ከልጄ ጋር ተቀምጠን ከስልኳ አወጣናቸው። ለራሴ ግን በእሷ ፊት መስታወት አይቼ «ይሄ ሆዴ!» ማለቴን መተው ነው የከበደኝ።

ባለ ስኳሩ፦

ከላይ በተባለው ብስማማም አንድ ተቃውሞ አለኝ። «ገላህን እንዳለ ውደደው» የሚለው ንግግር ለአንዳንዶቻችን ምቹ መሸሸጊያ ይሆናል። በ46 ዓመቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ሲገኝብኝ ሐኪሜ ክብደት መቀነስ እንዳለብኝ በግልጽ ነግሮኛል፤ ስላልደበቀኝም አመሰግነዋለሁ። ለወንድ ቦርጭ የድሎት ምልክት ነው ተብሎ ስላደግሁ እስከዚያ ድረስ እኮራበት ነበር!

ሆኖም ሁለት ዓመት መስከረም 1 ቀን ጂም ተመዝግቤ መስቀል ሳይደርስ ያቆምኩት በመስታወት ስለምለካ ነው። የያዘልኝ በአንድ ተራ የታኅሣሥ ማክሰኞ፣ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ በመውረድ የጀመርኩት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ እግር ጉዞ ይገኛል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አንድ ልማድ ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አግኝተዋል፤ ከመስከረም 1 ብትቆጥሩ ኅዳር መግቢያ ላይ ያደርሳችኋል። ማስታወቂያዎቹ ግን በ21 ቀን ይላሉ። እኔ የምከታተለው የደሜን ስኳርና ደረጃ ስወጣ ትንፋሼን ነው፤ ሁለቱም ተሻሽለዋል። ቦርጩ ግን ግማሹ አሁንም አለ።

አደይ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ቀሚሱን ገልብጬ አየሁት፤ በአንዱ ጎን አንድ ጣት ተኩል፣ በሌላው አንድ ጣት ትርፍ ነበረው። ሰፈሬ ያለው ሰፊ በአንድ ከሰዓት ለቀቀልኝ፤ አሁን ለብሼው መቀመጥ ብቻ ሳይሆን ቡና ለማፍላት መጎንበስም እችላለሁ። ባለሙያዋ ወይም ባለሙያው ስለ እራቱ ያሉትን ሁለት ቀን ካንገራገርኩ በኋላ ሰምቼ የፊታችን ረቡዕ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ የጥፋተኝነት ስሜቱን ሲያነሱት ስለ እኔ የተጻፈ መስሎኝ ነበርና። ለአያቴ ምንም አልነግራትም፤ እሷ እንደልማዷ «ወፈርሽልኝ» ትበለኝ። የአክስቴ ልጆችን በምን ቋንቋ እንደማናግራቸው ግን ገና አልወሰንኩም።

ትናንት ባለ ሚዛኑ ልጅ ሳልፍ አይቶኝ «እትዬ፣ ዛሬስ?» አለኝ። ገበያውን ማስቀረቴ ስለከበደኝ ቆም አልኩ፤ አጠገቡ ሊስትሮ የሚሠራ ጓደኛ አለውና ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ።