የአሸንዳው የጋራ ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክለው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ሰላም ጎረቤቶቼ። ባለፈው ስብሰባ ስለ ጣሪያ ውሃ ያን ያህል ተነጋግረን በቃለ ጉባኤው የሰፈረችው አንዲት መስመር ናት፦ «የ12ቱም ቤቶች አሸንዳ ይቀየር።» በዚህች መስመር ሥራ ማሠራት አንችልም። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ የተሟላ ሐሳብ ያስፈልገናል። መነሻ እንዲሆን ይህን ጽፌያለሁ። ይሉኝታ ሳይዛችሁ ቁረጡት፣ ጨምሩበት።

«ረቂቅ 1። በተያያዙት 12 ቤቶች ፊት ለፊት ያለው አሮጌ አሸንዳ ይነሳ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አዲስ አሸንዳ ይዘርጋ። ውሃው በመጨረሻው ቤት ጥግ በአንድ ቱቦ ይውረድ።»

አንድ ወጥ ያልኩት ለዓይንም ያምራል፣ ቱቦውም ይቀንሳል ብዬ ነው።

የመጨረሻው ቤት ነዋሪ፦

እህቴ፣ ስለ ልፋትሽ አመሰግናለሁ። ግን ያ «የመጨረሻው ቤት» ያልሽው የኔ ቤት ነው። አሁንም ቢሆን የብዙዎቻችሁ ውሃ እኔ ጋ ነው የሚያበቃው። ቱቦው ሥር መሬቱ ተቦርቡሮ ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ ወጥቶለታል። አፈሩ ታጥቦ ሄዶ ጠጠሩ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ በላይ ግድግዳው እስከ ጉልበቴ ድረስ የጭቃ ፍንጣቂ ነው። በውስጥ በኩል ደግሞ ቀለሙ እየተላጠ ነው፤ በጣቴ ስነካው ይረግፋል። አዲስ አሸንዳ ይህን ውሃ አፍጥኖ ያመጣልኛል እንጂ አያስቀርልኝም። እባካችሁ ከታች እንጀምር።

ጡረታ የወጡ ግንበኛ፦

እውነቷን ነው። ልጄ፣ ረቂቅሽን አነበብኩት። ሐሳቡ ደህና ነው፣ ሒሳቡ ግን አይሆንም። አብረን እናስላው።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ውሃ ነው። ከዚህ በላይ ፎርሙላ አያስፈልግም። የእያንዳንዳችን ጣሪያ ወደ ፊት የሚያፈሰው ግማሹ ወደ 40 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሲለካ ዘንበል ያለውን የቆርቆሮ ርዝመት አይደለም፣ ከላይ ሲታይ መሬት ላይ የሚሸፍነውን ነው። ኃይለኛ ዝናብ በደቂቃ 1 ሚሊ ሜትር ሊጥል ይችላል። እንግዲህ አንድ ቤት ብቻውን በየደቂቃው 40 ሊትር ወደ ፊት ያወርዳል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። የ12ቱ ሲደመር 480 ሊትር በደቂቃ። ይህን ሁሉ በእህታችን ግድግዳ ጥግ በአንድ ቀዳዳ እናውርድ ነው የምንለው?

ሌላው ተዳፋቱ ነው። አሸንዳ ወደ መውረጃው መዝቀዝቀዝ አለበት። እኔ ስሠራ በ1 ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ያህል እሰጠው ነበር። የቤቶቻችን ፊት 10 ሜትር ነው፤ 12 ቤት 120 ሜትር። ስለዚህ ወጡ አሸንዳ መጨረሻው ላይ ሲደርስ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። መስኮት ላይ ሊወርድ ነው! ተዳፋቱን ካሳነስነው ደግሞ ውሃው መሃል ላይ ይተኛል፣ ቅጠሉ ይበሰብሳል፣ ቆርቆሮው ከውስጥ ይዝጋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ ይህን ባላውቅ ኖሮ ለባለሙያ ልሰጠው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መውረጃ እናድርግ?

ጡረታ የወጡ ግንበኛ፦

ሁለት ሁለት ቤት አንድ መውረጃ ይጋራ። መውረጃው በሁለቱ ወሰን ላይ ይሁን፣ አሸንዳው ከግራም ከቀኝም ወደ እሱ ይዝቀዝቀዝ። በእያንዳንዱ በኩል 10 ሜትር ስለሆነ ዝቅታው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም። 12 ቤት፣ 6 መውረጃ። እያንዳንዱ በደቂቃ 80 ሊትር ይሸከማል።

የጥገና ኮሚቴ አባል፦

እኔ ክፍሎቹን በስማቸው እንድናውቃቸው እፈልጋለሁ። ባለፈው ቤቴን ያሠራሁት ሰው «አሸንዳህ አልቋል» ብሎኝ ሙሉውን ቀየርኩ፤ ለካ ያለቀው አሸንዳውን የሚይዘው ተሸካሚ ብረት ኖሯል። አዲሱም በዓመቱ ተንጋደደ። ስለዚህ መሰላል ላይ ወጥቼ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፤ ጫፉ ወደ አሸንዳው አፍ ትንሽ መግባት አለበት። የኔ ቆርቆሮ አጭር ስለነበር ውሃው ከአሸንዳው ጀርባ እየሾለከ የጠርዙን ጣውላ ያርስ ነበር። ከሩቅ ሲያዩት የሚያፈስ አሸንዳ ይመስላል፤ አሸንዳው ግን ምንም አልሆነም። ጣውላውን በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ስወጋው እንደ ቡሽ ገባልኝ። ተሸካሚ ብረቶቹ የተመቱት እዚህ ጣውላ ላይ ነው። ጣውላው ከበሰበሰ የወርቅ አሸንዳ ብንሰቅልበትም ይወድቃል።

ተሸካሚዎቹ በየስንት ይሁኑ ለሚለው፣ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ባለው ርቀት ቢደረጉ ጥሩ ነው። እኔ ለ60 እከራከራለሁ፤ ውሃ የሞላ አሸንዳ ከባድ ነው። ከዚያ የጫፍ መዝጊያው፣ መገጣጠሚያው፣ ውሃው የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ወደ ግድግዳው የሚመልሱት ሁለት ጎሚቶዎች (የታጠፉ የቱቦ ክርኖች)፣ ባለሙያዎች ዳውን ፓይፕ የሚሉት ቱቦ፣ ቱቦውን ግድግዳው ላይ የሚይዘው ቀለበት፣ በመጨረሻም ውሃውን ወደ ውጭ የሚያስወነጭፈው የታችኛው ጎሚቶ። ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ቀዳዳውና የላይኛው ጎሚቶ ነው።

ጡረታ የወጡ ግንበኛ፦

አንድ ነገር ጨምርበት። የአሸንዳው የውጭ ከንፈር ከግድግዳው በኩል ካለው ከንፈር ትንሽ ዝቅ ይበል። ድንገት ከሞላ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ወደ ጣውላው አይመለስም።

የ4ኛው ቤት ነዋሪ፦

ከፒቪሲ ብናሠራውስ? አይዝግም፣ ቀላልም ነው።

ጡረታ የወጡ ግንበኛ፦

ይቻላል፤ ግን ፕላስቲክ በፀሐይና በብርድ መካከል ብዙ ይረዝማል፣ ያጥራል። የሙቀቱ ልዩነት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ፣ 10 ሜትር ፒቪሲ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። አሉሚኒየም ወደ 1 ሴንቲ ሜትር፣ የብረት ላሜራ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል። ስለዚህ ፒቪሲ ከሆነ መገጣጠሚያው ማንሸራተቻ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ጥብቅ አድርጎ የገጠመ ሰው ከወራት በኋላ ሲሰነጠቅ ያየዋል። ለኛ ላሜራው ወይም አሉሚኒየሙ ይሻላል እላለሁ። አሉሚኒየም ብንመርጥ ግን ከመዳብ ጋር አይነካካ። ሁለቱ እርጥበት ላይ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል።

የጥገና ኮሚቴ አባል፦

መገጣጠሚያው ስለሚደፈንበት ሲሊኮንም ይጻፍ። ሲቀባ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት አሲድ ስላለው ዚንክ የተቀባ ላሜራን ያበላሻል። ለብረት ገለልተኛ የሚባለውን ነው መጠቀም። ደግሞ እርጥብና አቧራማ ቦታ ላይ አይያዝም፤ መጀመሪያ ይጽዳ፣ ይድረቅ።

የ9ኛው ቤት ነዋሪ፦

ቤቴ አጠገብ ትልቅ ዛፍ አለ። አሸንዳው ላይ ወንፊት ቢደረግ ከጽዳት እንገላገል ነበር።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የእናቴ ቤት ወንፊት አለው። ትልልቁን ቅጠል ይይዛል፣ ደቃቁ ግን ያልፋል። አቧራና የአበባ ብናኝ ከታች ተጠራቅሞ ጭቃ ይሆናል፣ ሣርም ይበቅልበታል። ወንፊቱ ስላለ ደግሞ ማንም ወጥቶ አያየውም። በዛፉ አቅጣጫ ባሉት ቤቶች ይደረግ፤ ግን በቀላሉ የሚነሳ ይሁን፣ ጽዳቱም ይቀጥል። ዝናብ ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ ቅጠል ከረገፈ በኋላ አንዴ።

ለጽዳት የምትወጡ ልጆች፣ አደራችሁን መሰላሉን አሸንዳው ላይ አታስደግፉ። 4 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደርስ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከታች የሚይዝ ሰው ይኑር። የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት በ3ኛውና በ7ኛው ቤት በኩል የብረት መሰላል እንዳይቆም።

የመጨረሻው ቤት ነዋሪ፦

ስለ ላይኛው ብዙ ተባለ። የታችኛውስ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ይቅርታ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ዳግም ወደ ላይ ሸሸን። ከጋሼ ጋር ዛሬ ጠዋት ግቢውን ዞረን አየነው። እስካሁን ያለውን ሁሉ አሰባስቤ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ።

«ረቂቅ 2። ሥራው ከመሬት ይጀመር። አሸንዳ ከመገዛቱ በፊት በ6 ቦታ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ ውሃ የሚወስድ የተዳፋ ቦይ ይሠራ፤ ቦዩም ውሃውን ወደ ማንም ጎረቤት ግድግዳ ሳይሆን ወደ መንገዱ ዳር መፋሰሻ ያድርስ። በመጨረሻው ቤት ጥግ የተቦረቦረው መሬት ተሞልቶ ይጠቅጠቅ፤ ይህ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ቀጥሎ የ12ቱም ቤት የጠርዝ ጣውላ ይፈተሽ፣ የበሰበሰው ይቀየር። አሮጌው አሸንዳ በቤት በቤት ይታይ፤ ደህናው ተዳፋቱ ተስተካክሎ ይቆይ፣ የዛገው ብቻ ይተካ። ሁለት ሁለት ቤት አንድ መውረጃ ይጋራ። ተሸካሚ በየ60 ሴንቲ ሜትር። ሥራው የሚረከበው ውሃ ተፈስሶበት ከታየ በኋላ ነው።»

የ4ኛው ቤት ነዋሪ፦

«ደህናው ይቆይ» የሚለው ደስ ብሎኛል። ግን ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን? አንዱ የኔ ይቀየር፣ ሌላው የኔም ሊል ነው።

ጡረታ የወጡ ግንበኛ፦

በውሃ ልክ እና በባልዲ። ከላይኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ቀስ ብሎ ይፈሰስ። ትናንት በራሴ ቤት አደረግኩት። ውሃው ሦስት ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ። የደረቀ ቅጠል ጥዬበት ነበር፤ ቅጠሉ ባለበት ቀረ፣ አልተንቀሳቀሰም። አሸንዳው አንድም የሚያፈስ ሽንቁር የለውም። ሁለት ተሸካሚ ብቻ ነው የተንጋደደው። ከፍ ሳደርገው ቅጠሉ ራሱ እየተንሳፈፈ ወደ መውረጃው ቀዳዳ ሄደ። ሙሉውን ቀይሬው ቢሆን ምን ያህል ብረት በከንቱ እጥል ነበር።

የጥገና ኮሚቴ አባል፦

እንዲያ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ከጋሼ ጋር 12ቱንም ቤት እንዞራለን። ውሃ ልክ እኔ ጋ አለ፣ መሰላል ከ9ኛው ቤት እንወስዳለን። የእያንዳንዱን ውጤት ረቂቁ ሥር እጽፋለሁ፦ ውሃው የቆመበት ቦታ፣ የሚያፈስስበት መገጣጠሚያ፣ የጣውላው ሁኔታ። በመጨረሻው ቤት እንጀምራለን። እህቴ፣ ባልዲ አዘጋጂልን።

የመጨረሻው ቤት ነዋሪ፦

ባልዲውም ውሃውም ከኔ። ጉድጓዱንም ከመሞላቱ በፊት ለክታችሁ ጻፉልኝ፣ ጉባኤው ይየው።