ለንደን፦ በካውንስል ቤት ትርፍ ክፍል ሎጀር (አብሮ የሚኖር ተከራይ) ማስገባት፣ ታክሱና ሕጉ

ጠያቂ፦
ልጆቼ ወጥተው ባለ ሁለት መኝታ የካውንስል ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አንዱን ክፍል ከነዕቃው፣ መብራትና ጋዝን ጨምሮ፣ በወር 750 ፓውንድ ላከራይ አስቤያለሁ። ደመወዝ አለኝ፤ ቤኔፊት አልወስድም። ታክስ ይመጣብኛል? ካውንስሉስ ምን ይላል?

መልስ 1፦
በዋና መኖሪያዎ ውስጥ ያለ፣ ዕቃ የተሟላለት ክፍል ስለሆነ በታክስ ዓመቱ (ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5) እስከ 7,500 ፓውንድ ከታክስ ነፃ ነው፤ ደንቡ «ሬንት ኤ ሩም» ይባላል። ቤቱ የራስዎ ባይሆንም ይሠራል። የእርስዎ ግን በዓመት 9,000 ስለሚሆን ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ኦክቶበር 5 ተመዝግበው፣ የታክስ ፎርሙን በኦንላይን እስከ ጃንዋሪ 31 ይልካሉ። እዚያ ላይ «ሬንት ኤ ሩም»ን ከመረጡ ታክስ የሚታሰበው በ1,500ው ብቻ ነው፤ በ20 በመቶ 300 ፓውንድ። ካልመረጡ ወጪ ተቀንሶ በትርፉ ላይ ይሰላል። ሁለቱን መደረብ የለም፤ ወጪዎ ከ7,500 ካላለፈ መምረጡ ያዋጣል። «ወደ 625 አውርደው ከታክስ ያምልጡ» የሚልዎትን አይስሙ፤ 300 ከፍለውም 8,700 በእጅዎ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለመብራትና ለምግብ የሚቀበለውን ለብቻ ሲቆጥር ነው። ሁሉም ይደመራል።

መልስ 2፦
ውልዎ «ሴኪዩር ቴናንሲ» (የካውንስል ቋሚ የኪራይ ውል) ከሆነ ሎጀር ማስገባት በ1985ቱ የቤቶች ሕግ መብትዎ ነው። ግን ተከራዩ እርስዎ የማይገቡበት፣ ለብቻው የሚቆልፈው ክፍል ከያዘ «ሰብሌት» (የተከራዩትን መልሶ ማከራየት) ሊባል ይችላል፤ እሱ የካውንስሉን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ብቸኛ ነዋሪ በመሆንዎ የሚያገኙት የ25 በመቶ የካውንስል ታክስ ቅናሽም ይቀራል፣ ተከራዩ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ካልሆነ በቀር። ዲፖዚቱንም በ30 ቀን ውስጥ የዲፖዚት መጠበቂያ ስኪም ውስጥ ማስገባት አለብዎት።

መልስ 3፦
የዲፖዚቱ ነገር ለሎጀር አይሠራም፤ ደረሰኝ መስጠት በቂ ነው። ይልቅ «ራይት ቱ ሬንት»፣ ማለትም ተከራዩ በእንግሊዝ የመከራየት መብት እንዳለው ማረጋገጥ፣ አልተነሳም። ከመግባቱ በፊት ኢቪዛ (በኦንላይን የተያዘ የመኖሪያ ፈቃድ) ካለው ሼር ኮዱን (ፈቃዱን ለሌላ ሰው የሚያሳይበትን ቁጥር) እና የትውልድ ቀኑን ተቀብለው በመንግሥት ድረ ገጽ ያረጋግጡ፤ የእንግሊዝ ፓስፖርት ከሆነ ዋናውን እሱ ባለበት አይተው፣ ኮፒው ላይ ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። የአገር ልጅ ነው ተብሎ የሚዘለለው ይሄ ነው፤ ቅጣቱ ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ለሎጀር እስከ 5,000 ፓውንድ፣ ሲደገም እስከ 10,000 ነው።

ለማስወጣትስ፦ ኩሽና ወይም መታጠቢያ ቤት ከተጋራችሁ ፍርድ ቤት አያስፈልግም፤ በወር የሚከፍል ከሆነ ብዙ ጊዜ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ደረጃና ኮሪደር መጋራት ብቻ አይቆጠርም። የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ካለዎት ሎጀር መግባቱን ለኩባንያው ይንገሩ፤ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን መናገርዎን ነው።