የጉፒ ዓሣ ጫጩቶቼ እየሞቱብኝ ነው፣ እባካችሁ ቶሎ!

የሶሊ እናት (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጉፒያችን ትናንት ማታ ወለደች። ከሠላሳ አያንሱም። ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ግን አንድ በአንድ እየሞቱ ነው። የቀሩት ውሃው ላይ ላዩን ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አንዳንዶቹ ታች ተኝተዋል፣ ካልነኳቸው አይንቀሳቀሱም። ርቧቸው ይሆናል ብዬ የእንቁላል አስኳል ደጋግሜ ሰጠኋቸው፣ አልበሉም። ልጄ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እያለቀሰች ነው። ቤት ውስጥ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል አለ፣ ፈትቼ ልጨምርበት?

ሳሚ ሳሪስ
ውሃ ቀይሪ።

መምህሩ
እህቴ፣ መጀመሪያ የዓሣዋን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ዓሣ እንቁላል ይጥላል። ጉፒ ግን እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ ይዛ ቆይታ፣ ወዲያው መዋኘት የሚችል ልጅ ትወልዳለች። እርግዝናዋ ከ21 እስከ 30 ቀን ገደማ ነው፣ ውሃው ከቀዘቀዘ ይረዝማል። ከወንዱ ጋር አንዴ ከተገናኘች ዘሩን ሰውነቷ ውስጥ ታቆየዋለች። ስለዚህ ወንዱን ብታወጪውም ለወራት ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። አገሯ ትሪኒዳድና ቬንዙዌላ አካባቢ ነው፣ ሞቃት አገር። ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማታል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እናያለን። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የሌለው ሰው ጉፒ ማርባት መጀመር የለበትም ባይ ነኝ።

ሳሚ ሳሪስ
መምህር፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ዓሣዎቹ ግን እየሞቱ ነው። ግማሹን ውሃ ቀይሪ እህቴ።

የሐይቅ ልጅ
እዚህ ሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ ያለችው ቆሮሶ ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አደጋ ስታይ ሁሉንም ወደ አፏ ትሰበስባቸዋለች፣ ሲያልፍ መልሳ ትለቃቸዋለች። የጉፒ እናት ግን የገዛ ልጇን ትበላለች። ሞግዚት የምትሆን ቆሮሶ በአውቶቡስ ልላክልሽ? ሃሃሃ። ለማንኛውም እናትየዋን ለይተሻታል? ኤር ፓምፑስ እየሠራ ነው? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ፓምፕ ሲቆም ቶሎ ይታፈናሉ።

የሶሊ እናት
እናትየዋ ትልቁ አኳሪየም ውስጥ ናት፣ ልጆቹን ለይቻቸዋለሁ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ፓምፑም ሂተሩም ቆሟል። ያሉት 5 ሊትር በምትይዝ ሳፋ ውስጥ ነው። ውሃውማ ንጹሕ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ሙሉ በሙሉ ከቧንቧ ቀይሬዋለሁ። አሁን ግን ነጣ ብሎ ደፍርሷል። መድኃኒቱን ልጨምር ወይስ አልጨምር?

ጨው ይሻላል
አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሪ። እኔ ለሁሉም በሽታ ጨው ነው የምጠቀመው።

ቢኒ ኮልፌ
የሶሊ እናት፣ ካፕሱሉን አስቀምጪው። ይሄ በሽታ አይደለም። ረሃብም አይደለም፣ የጉፒ ጫጩት አንድ ቀን ስላልበላ አይሞትም። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ስንጥባቸውን ያቃጥላል። ያልተበላው አስኳል እየበሰበሰ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል፣ ውሃውን ያነጣውም እሱ ነው። በዚያ ላይ አየር የለም። ቴትራሳይክሊን ከጨመርሽ አሞኒያን የሚያጠፉትን ጥሩ ባክቴሪያዎች ጭምር ትገድያለሽ። ሳሚም በቅንነት ነው፣ ግን ከቧንቧ ደግማ ከቀየረች ያልቃሉ። ጨውም ለአሞኒያ አይሠራም።

አሁኑኑ እንዲህ አድርጊ። ከትልቁ አኳሪየም፣ እናትየዋ ካለችበት፣ ውሃ ቅጂ። ያ ውሃ የቆየ ነው፣ ክሎሪን የለውም፣ ሙቀቱም ከሳፋው ብዙ አይርቅም። ንጹሕ ሳፋ ውስጥ ገልብጪው። ጫጩቶቹን በመረብ አታውጪ፣ ይጎዳሉ። ብርጭቆ ውሃው ውስጥ በጎኑ አስተኝተሽ በዝግታ ወደ እነሱ አስጠጊው፣ ከነውሃቸው ይገባሉ። አስኳሉ አብሮ እንዳይመጣ ተጠንቀቂ። ታች የተኙትን ለማንሳት ቀጭን የጉሉኮስ ቱቦ ካለሽ ጥሩ ነው።

ከዚያ አየር። መብራት እስኪመጣ በብርጭቆ ውሃ እየቀዳሽ ከአንድ ስንዝር ከፍታ፣ በሳፋው ዳር በኩል መልሰሽ አፍሺው። ልጆቹ ላይ አታፍሺው። በየአሥር ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ይበቃል። ሶሊን አሠሪያት፣ ለቅሶውም ይቆማል።

መምህሩ
ቢኒ ልክ ነው። ለሙቀቱ ሳፋውን በጋቢ ጠቅልዪው፣ አፉን ግን አትሸፍኚ። ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ ብታንሳፍፊበትም ይረዳል። ፈጥኖ መሞቅም ይገድላል፣ ስለዚህ የፈላ አይሁን።

ሰላም ብሥራተ ገብርኤል
እኔ የማይገባኝ ሁሉንም ለማትረፍ ለምን ትጨነቂያለሽ? ሠላሳው ካደጉ በሦስት ወር ውስጥ ሴቶቹ ራሳቸው መውለድ ይጀምራሉ። የት ልታስቀምጫቸው ነው? እኔ አልለያቸውም። ትልቁ አኳሪየም ውስጥ ጃቫ ሞስ የሚባል የውሃ ተክልና ላይ የሚንሳፈፍ ተክል አበዛለሁ። የተደበቀው ያድጋል። ሳፋ ውስጥ ከማሰቃየት ይሻላል።

የሶሊ እናት
ሰላም፣ ያልሽው ይገባኛል፣ ግን ልጄ ስም አውጥታላቸዋለች። አሁን ከትልቁ እየቀዳሁ ነው። ትልቁም ብዙ ውሃ የለውም፣ ሌላ ከየት ላምጣ?

ቢኒ ኮልፌ
ከትልቁ ከሩብ በላይ አትቀንሺ፣ እናትየዋም ትጎዳለች። ሮቶ ውስጥ ለቀናት የቆየ ውሃ ካለሽ ይሆናል፣ ዛሬ የተሞላ ከሆነ ግን አትመኚው። ከሌለሽ በከሰልም በጋዝም አፍዪው፣ ሲፈላ ክሎሪኑ ይወጣል። ኦክስጅኑም አብሮ ስለሚወጣ ከቀዘቀዘ በኋላ ከጆግ ወደ ጆግ ደጋግመሽ ገልብጪው። ለነገ ደግሞ ባልዲ ሞልተሽ አፉን ክፍት አድርገሽ አሳድሪ፣ 24 ሰዓት ይበቃዋል።

አልማዝ ከቨርጂኒያ
ይሄን ለምታነቡ ውጭ አገር ላላችሁ፦ እኛ ጋ አብዛኛውን ዓመት ውሃው ውስጥ የሚገባው ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት) ነው። እሱ በማሳደር አይወጣም፣ በማፍላትም ቶሎ አይወጣም። ከዓሣ ሱቅ የሚሸጠውን ማጥፊያ ግዙ። እዚህ የቢኒን ምክር እንዳለ ብትከተሉ ዓሣችሁ ያልቃል።

ሳሚ ሳሪስ
እሺ፣ ያደረ ውሃ ቀይሪ። አሁንስ ተስማማን?

የሶሊ እናት
መብራት መጣ! ፓምፑን ከትልቁ ነቅዬ ሳፋው ላይ ላድርገው?

የሐይቅ ልጅ
ለአንድ ሰዓት አድርጊው፣ ግን አየሩን በጣም ቀንሺው። ኃይለኛ ከሆነ ያንገላታቸዋል። ቱቦውን ቋጠር አድርገሽ ብታስሪው ይቀንሳል። ከዚያ ወደ ትልቁ መልሺ፣ ፊልተሩ ላይ ያለው ባክቴሪያም ያለ አየር ብዙ አይቆይም። ቱቦውን ለሁለት የምትከፍል ትንሽ የፕላስቲክ መጋጠሚያ ብትገዢ አንዱ ፓምፕ ለሁለቱም ይበቃል።

ሰላም ብሥራተ ገብርኤል
እንግዲህ ካተረፍሻቸው አመጋገቡን ላስተካክልልሽ። ዛሬ ምንም አትስጪ። ከነገ ጀምሮ ለትልልቆቹ የምትሰጪውን ፍሌክ (ደረቅ የዓሣ ምግብ) በሁለት ጣት መሀል እንደ በርበሬ ዱቄት እስኪልም ፍጪው። በቀን ሦስት አራቴ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ። አስኳል የግድ ከሆነ ቀቅለሽ በስስ ጨርቅ ጠቅልዪና ውሃው ውስጥ አንዴ ጨመቅ አድርጊው፣ የወጣው ጭጋግ ይበቃል። የተረፈውን በቱቦ ሳቢ። በየቀኑም ከሳፋው ሩቡን ባደረ ውሃ ተኪ። አርቴሚያ (ለዓሣ ምግብ የሚሆን የጥቃቅን የውሃ እንስሳ እንቁላል) ካገኘሽ ግን እሱን የሚያክል የለም፣ ጨው ባለው ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላል። ደግሞ በወር ውስጥ ወንዶቹን ለዪ። ሆዳቸው ሥር ያለው ክንፍ ሹል የሆነው ወንድ ነው፣ ማራገቢያ የሚመስለው ሴት።

ኤዱ
ይቅርታ በመሀል ገባሁ። የኔ ጉፒ ሆዷ አራት ማዕዘን መስሏል፣ ጭራዋ አጠገብ ያለው ጥቁር ምልክትም ሰፍቷል። ከትናንት ጀምሮ ጥግ ይዛ አትበላም። ታማ ነው?

ቢኒ ኮልፌ
አልታመመችም ኤዱ፣ ልትወልድ ነው። ዛሬ ወይ ነገ ትወልዳለች። በመረብ እያወጣሽ ወዲያ ወዲህ አታድርጊያት፣ ከተጨነቀች ታስወርዳለች። ተክል ጨምሪላትና መብራቱን ቀንሺላት። የሶሊ እናት የገጠማት እንዳይገጥምሽ ሁለት ባልዲ ውሃ አሁኑኑ ሞልተሽ አስቀምጪ። ሳትቀደሚ፣ ዛሬ ማታ።

ሳሚ ሳሪስ
የሶሊ እናት፣ ስንት ተረፉ?