ለፍሌም ኤንጅል እጮች የመጀመሪያ ሕያው ምግብ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቤት ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ፍሌም ኤንጅል የሚባሉ ጥንድ ኤንጅልፊሾች ይዣለሁ፤ ቀያዮቹ፣ ጎናቸው ላይ ጥቁር ቋሚ መስመር ያላቸው ትንንሾቹ። መብራቱ ሊጠፋ ሲል አብረው ወደ ላይ ይወጡና ዕንቁላል ይጥላሉ። ዕንቁላሉ ስለሚንሳፈፍ ከላይ ሰብስቤ ለብቻው ጥቁር ገንዳ ውስጥ አደርገዋለሁ። በማግስቱ ይፈለፈላል።

እስከ ሦስተኛው ቀን እጮቹ ደህና ናቸው። ዓይናቸው ይጠቁራል፣ አፋቸው ይከፈታል። ከዚያ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ያልቃሉ። የምሰጣቸው ሮቲፈር የሚባለውን ጥቃቅን የውሃ እንስሳ ነው። የክላውንፊሽ ልጆቼ በእሱ ነው ያደጉት። አርቴሚያም (የጨው ውሃ ሽሪምፕ ጫጩት) ሞክሬያለሁ፤ ዞር ብለውም አላዩት።

ኮፔፖድ የሚባሉትን ጥቃቅን የሽሪምፕ ዘመዶች ግዢ ተባልኩ። ግን ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ ቲግሪዮፐስ አለ፣ ቲስቤ አለ፣ አፖሳይክሎፕስ አለ፣ ፓርቮካላነስ አለ። ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የትኛውን ልያዝ? የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤም ቅርቤ ስለሆነ ከዚያ በመረብ መቅዳት ይቻል እንደሆነ ንገሩኝ።

መልስ፦ ዱባይ ሪፍ

እህቴ፣ ፓርቮካላነስ ግዢ። ሙሉ ስሙ ፓርቮካላነስ ክራሲሮስትሪስ ነው። ሌላውን አሁን እርሺው።

ምክንያቱ መጠን ነው። 1 ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን መሆኑን ይዘሽ ተከተይኝ። ትልቁ ሮቲፈር ከ130 እስከ 340 ማይክሮን ይረዝማል። ትንሹ ከ100 እስከ 210 ነው። "እጅግ ትንሽ" ተብሎ የሚሸጠው እንኳ ከ90 እስከ 150 አካባቢ ነው። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ደግሞ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የፍሌም ኤንጅል ዕንቁላል በሙሉ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆኑን አስቢ። ከዚያ የወጣ እጭ አፉ ምን ያህል እንደሚሆን ገምቺው። ጥርስ ላላወጣ ሕፃን ቆሎ እንደመስጠት ነው። ስፋቱ 75 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች የሆነ ምግብ ፈልጊ። አዲስ የተፈለፈለ የፓርቮካላነስ ጫጩት (ናውፕሊየስ ይባላል፤ ሲበዛ ናውፕሊ) ስፋቱ ወደ 40 ማይክሮን አካባቢ ነው። ያ ይገባላቸዋል።

ክላውንፊሽ ሌላ ነገር ነው። ዕንቁላሉን ድንጋይ ላይ ለጥፎ ሳምንት ያህል ይጠብቀዋል። ልጁ ሲፈለፈል ዓይኑም አፉም ዝግጁ ነው። ኤንጅልፊሽ ግን ዕንቁላሉን ውሃ ላይ በትኖ ይሄዳል። እጩ የሚወጣው ዓይንም አፍም ሳይኖረው ነው። ሦስት ቀን አስኳሉን ይበላል። አስኳሉ ሲያልቅ ከፊቱ ምግብ ከሌለ ብዙ ጊዜ የለውም። አራተኛውና አምስተኛው ቀን ላይ የሚያልቁብሽም ለዚህ ይመስለኛል።

መልስ፦ ሐይፋ

ዱባይ ያለው ትክክል ነው። እንቅስቃሴውን ልጨምርበት። እጮቹ የሚያድኑት በዓይን ነው። ሮቲፈር እየተሽከረከረ በዝግታ ይሄዳል። የኮፔፖድ ናውፕሊየስ ግን ፈንጠር ይልና ቆም ይላል። ይህ ቆም ፈንጠር እጩን ይቀሰቅሰዋል። ገንዳው አጠገብ በትንሽ ባትሪ ቁጭ ብለሽ ብታዪ፣ እጩ ሰውነቱን አጥፎ ሲያነጣጥር ታገኚዋለሽ።

ቲግሪዮፐስንና ቲስቤን የሚተዉትም ለዚህ ነው። መጥፎ ሆነው አይደለም። ለማንዳሪን ዓሣና ለአኳሪየም ጽዳት ግሩም ናቸው። ነገር ግን ልጆቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳና ወለል ላይ ነው የሚሳቡት። የኤንጅልፊሽ እጭ መሃል ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው፤ ወለል ላይ ወርዶ አይፈልግም። ፓርቮካላነስ ከተፈለፈለ ጀምሮ እስከ እርጅና መሃል ውሃ ላይ ይዋኛል። አፖሳይክሎፕስ መሃል ላይ ነው፤ ለማርባት ይቀላል፤ እጮቹ ትንሽ ካደጉ በኋላ ይጠቅምሻል።

ሌላው ስቡ ነው። ኮፔፖድ ዲኤችኤ የሚባለው የስብ ዓይነት በብዛት አለው፤ እጩ በቀላሉ በሚፈጨው መልክ። ዓይንና ነርቭ የሚሠራው በዚህ ነው። ሮቲፈርን ዲኤችኤ አጥግበሽ መስጠት ትችያለሽ፤ ግን አይተካውም።

ስለ ቼሳፒክ፣ እኔ አልመክርም። አካርሺያ ቶንሳ የሚባል ጥሩ ኮፔፖድ እዚያ በብዛት አለ። ችግሩ መረቡ እሱን ብቻ አያወጣም። የጄሊፊሽ ዘመዶች፣ እጭ የሚበሉ ትሎች፣ የዓሣ ጥገኛ ተውሳኮች አብረው ይመጣሉ። የውሃው ጨው ደግሞ ከአኳሪየምሽ በጣም ያነሰ ነው። እዚህ እኛ ጋ ኤይላት ላይ ቀይ ባሕር ንጹሕና ጨዋማ ነው። ቢሆንም የኮራል ጥብቅ ስፍራው ውስጥ መረብ መጣል ክልክል ነው፤ ይህም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ ዱባይ ሪፍ

ሐይፋ፣ ስለ ባሕር ፕላንክተን (ውሃ ውስጥ ስለሚንሳፈፉት ጥቃቅን ፍጥረታት) ትንሽ ልከራከርሽ። ይህን ሥራ የጀመሩት ሰዎች በባሕር ፕላንክተን ነው የጀመሩት። ዓሣ አርቢው ፍራንክ ቤንሽ ሐዋይ ውስጥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ትንንሾቹን ኤንጅልፊሾች ከዕንቁላል ሲያሳድግ፣ ቁልፉ የተገኘው እዚያው ባሕር ውስጥ በነበሩ ጥቃቅን ኮፔፖዶች ነው። ኦዋሁ ደሴት ላይ ያለው የምርምር ተቋም ኦሺያኒክ ኢንስቲትዩት ደግሞ በኋላ ፓርቮካላነስን በብዛት አርብቶ ፍሌም ኤንጅል አሳደገ። ስለዚህ ባሕሩን አንናቀው። ግን ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ሰው፣ በተለይ ለቼሳፒክ፣ ያልሽው ልክ ነው።

መልስ፦ ጋሽ ሲያትል

ልጆቼ፣ ምግቡን መርጣችኋል። የምግቡን ምግብ ግን ማንም አላነሳም። እኔ ብዙ ሰው ሲወድቅ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ፓርቮካላነስ የሞተ ነገር አይወድም። የተጨመቀ የሞተ አልጌ ገዝተሽ ብታፈሺበት ለጥቂት ጊዜ ይቆይና ይመነምናል። ሕያው አልጌ ይፈልጋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ቲ-አይሶ የሚባለው ወርቃማ ቡናማ አልጌ ነው። መጠኑ ወደ 5 ማይክሮን ነው፤ ዲኤችኤ አለው። ናኖክሎሮፕሲስ የሚባለውን አረንጓዴ አልጌ ለሮቲፈር ትጠቀሚበት ይሆናል። ለዚህ አይሆንም። 2 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ኮፔፖዱ በደንብ አይዘውም፤ ዲኤችኤውም ከቁጥር አይገባም።

ስለዚህ የኔ ልጅ፣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ቲ-አይሶ። እሱ በብዙ ጠርሙስ ሳይቋረጥ ሲያድግልሽ ፓርቮካላነስ ግዢ። ኮፔፖዱ በዝቶ በየቀኑ ናውፕሊ ሲሰጥሽ ያን ጊዜ ዕንቁላል ሰብስቢ። ዓሦቹ ነገም ዕንቁላል ይጥላሉ። አይቸኩሉም፣ አንቺም አትቸኩዪ።

ቲ-አይሶ ከመጠን ያለፈ ሙቀት አይወድም። ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ያዢው። ሁልጊዜ ለብቻ የተቀመጠ መጠባበቂያ ጠርሙስ ይኑርሽ፤ ሳይነግርሽ በአንድ ሌሊት ሊሞት ይችላል። ቀለሙ ከቡናማ ወደ አረንጓዴ ከሄደ ሌላ አልጌ ገብቶበታል፣ ድፊው።

መልስ፦ የሰበታ ልጅ

እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ቆሮሶ ዓሣ (ቲላፒያ) ላይ ነው የምሠራው። የቆሮሶ ጫጩት ዱቄት ስለሚበላ ይህ ጣጣ የለብንም። አልጌ ግን አሳድጋለሁ፤ ሥራው በጨው ውሃም አንድ ነው።

ንጽሕና ነው ዋናው። የጨው ውሃውን በበረኪና አሳድሪው። ጠዋት በሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑን አጥፊና በመመርመሪያ ወረቀት አረጋግጪ። ከዚያ ኤፍ-ሁለት የሚባለውን ማዳበሪያ ሻጩ በጻፈው መጠን ጨምሪ። የአየር ቱቦው ላይ ማጣሪያ አድርጊበት።

አንድ ጥያቄ ለጋሼ፦ የስፒሩሊና ዱቄት ለኮፔፖድ አይሆንም? እኛ ጋ ጭቱና አረንጓዴ ሐይቅ ላይ ስፒሩሊና በተፈጥሮ ይበቅላል፤ ዱቄቱም ይገኛል።

መልስ፦ ጋሽ ሲያትል

ለሮቲፈርና ለቲግሪዮፐስ ይሞከራል ወንድሜ። ለፓርቮካላነስ ግን አይሆንም። ዱቄቱ ወለል ላይ ወርዶ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ባክቴሪያው ውሃውን ይገለብጠዋል። ዲኤችኤም የለውም።

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ጋሼ፣ ቅደም ተከተሉን ተቀብያለሁ። አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። ስንት ናውፕሊ ያስፈልገኛል? ከትልልቆቹ እንዴት ነው የምለያቸው?

መልስ፦ ሐይፋ

በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 እስከ 10 ናውፕሊ ይኑር። ገንዳሽ 20 ሊትር ከሆነ 5 ለማድረስ ብቻ 100,000 ያስፈልግሻል። 60 ሊትር ከሆነ 300,000 ነው። ስለዚህ በትንሽ ገንዳ ጀምሪ። በትልቅ ገንዳ ውስጥ ምግቡ ይበተንና እጮቹ እየፈለጉ ይደክማሉ።

ለመለየት ሁለት ወንፊት ያዢ። የ75 ማይክሮን ወንፊት ትልልቆቹን ያስቀርልሻል፤ እነሱን ወደ እርባታው መልሺ። ያለፈውን በ25 ወይም በ38 ማይክሮን ወንፊት ያዢው። ናውፕሊው እዚያ ላይ ነው። ወንፊቱን ውሃ ውስጥ እንደነከርሽ ሥሪ፤ አየር ላይ ከወጣ ይጎዳሉ።

ለመቁጠር 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ቅጂ፣ አንድ ጠብታ ሉጎል አዮዲን ጨምሪበት፣ ቆመው ይቀራሉ። በአጉሊ መነጽር ቁጠሪ። በየቀኑ ቁጠሪ። "ብዙ ይመስላል" ብሎ መተው ነው እጮችን በረሃብ የሚጨርሰው።

እጮቹ ያሉበትን ውሃም በትንሹ ቲ-አይሶ ቀለም አስይዢው። ያልተበሉት ናውፕሊ ሳይራቡ ይቆያሉ። ብርሃኑም ስለሚለዝብ እጮቹ አይረበሹም።

መልስ፦ ዱባይ ሪፍ

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሮቲፈርሽንና ፓርቮካላነስሽን አንድ ክፍል ውስጥ አታርቢ። የሚቻል ከሆነ ሌላ ፎቅ ይሁን። አንድ ሮቲፈር በእጅሽ ወይም በቱቦ ከገባ እርባታውን በሙሉ ይወርሰዋል፤ አልጌውን ይጨርስና ኮፔፖዱ ይራባል። ባልዲ፣ ወንፊት፣ ቱቦ ሁሉ ለየብቻ ይሁን። ጠዋት መጀመሪያ አልጌውን፣ ቀጥሎ ኮፔፖዱን፣ መጨረሻ ላይ ሮቲፈሩን ንኪ።

የኮፔፖዱን ዘር ስታዝዢ የሙቀቱን ወራት ጠብቀሽ አትዘዢ። እዚህ ዱባይ በሐምሌ የሚመጣ ኮፔፖድ በር ላይ ተቀቅሎ ነው የሚደርሰው። ሜሪላንድም በሙቀቱ ወራት አያስተማምንም። ሲደርስ ወዲያው በአጉሊ መነጽር እዪው። ሲሊየት (ባለ አንድ ሴል ጥቃቅን ፍጥረት) ወይም ሮቲፈር ካለበት ከሻጩ ጋር ያን ዕለት ተነጋገሪ።

ጥያቄ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

እሺ ወንድሜ። ሲሊየት ካነሳህ አይቀር፣ ዩፕሎቴስ የሚባለው ሲሊየት በቀላሉ ይራባል ይላሉ። ኮፔፖዱ እስኪበዛ በእሱ ልያዛቸው?

መልስ፦ ሐይፋ

ይበሉታል፤ ሆዳቸው ውስጥ ይታያል። ግን አያሳድጋቸውም። ዕድሜ ቢያስረዝም ትንሽ ነው፤ እርባታሽን ከበከለ ደግሞ ለማስወጣት መከራ ነው። የኔ ሐሳብ፣ ተይው። ያንን ጉልበት ሁለተኛ የፓርቮካላነስ ባልዲ ላይ አውዪው።

መልስ፦ ጋሽ ሲያትል

እኔም እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። አስቀድመሽ ያወቅሽው እንዲሆን ደግሞ ይህን ልንገርሽ፦ እነዚህ እጮች እንደ ክላውንፊሽ ቶሎ አይለወጡም። ትንሽ ዓሣ መስለው ድንጋይ ሥር እስኪገቡ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃሉ። ኮፔፖዱ ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አይደለም። ሲያድጉ የ75ቱን ወንፊት ትተሽ ከፍ ያለ ቀዳዳ ያለው ትጠቀሚያለሽ፤ ትልልቆቹን ኮፔፖዶች ትሰጫለሽ። አርቴሚያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ አፋቸው ሲችለው ነው። ስትጀምሪም ቀስ በቀስ አቀላቅይው፤ ኮፔፖዱን በአንድ ጊዜ አታቁሚ።

እና በአራተኛው ቀን ጥቂት እጮች በፒፔት አውጥተሽ ሆዳቸውን በአጉሊ መነጽር እዪ። ሆዱ ውስጥ ጥቁር ነገር ካለ በልተዋል። ባዶ ከሆነ ቁጥሩን፣ ብርሃኑንና የአየሩን ፍሰት እንደገና እዪ። አየሩ በጣም ከበረታ እጩ ማነጣጠር አይችልም፤ አረፋው አንድ አንድ እያለ ይውጣ።