«ለእርሷ አስበን ነው»፦ በቅጥርና በደረጃ እድገት ላይ የተደረገ ክርክር

መነሻ ጥያቄ፦ በጎጃም ከተሞች ባንክ ብንገባ መስኮት ላይ ሴቶች ይታያሉ፤ ወደ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ሲወጣ ግን ቁጥራቸው ይሳሳል። ምክንያቱ ችሎታ ነው ወይስ ገምጋሚው ሳይታወቀው የሚያደርገው አድልዎ?

የፋብሪካ አስተዳደር ሠራተኛ፣ ከቡሬ፦ ነገሩ ተጋኗል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴት ከወንድ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያው የእርሷ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ? ሴትን የሚንቅ ገምጋሚ አላየሁም።

የባንክ ባልደረባ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ንቀት ማን አነሣ? ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት በተደረገ ውድድር ገምጋሚ ነበርሁ። በጽሑፍ ፈተና አንደኛ የወጣችው ሴት ናት። ቦታው የአባይ ቆላ ነው። ሰብሳቢው በቅን ልቡና «ልጅ ይዛ በዚያ ሙቀት ለምን እናንገላታት? ለእርሷ አስበን ነው» አለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በቃለ መጠይቁ ወረቀት «በራስ መተማመን» በሚለው ረድፍ ከአሥር አምስት ተሰጣት። የተመረጠው ወንድ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ልጆቹን ማንም አላነሣቸውም። እርሷን ግን «ትሄጃለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ተቃውሞዬን በቃለ ጉባኤ አስመዘገብሁ። ክፋት ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው ይቃወመው ነበር፤ ርኅራኄ መስሎ ስለመጣ አለፈ። ያነሡት አዋጅ የሚሠራው ውጤቱ እኩል ሲሆን ነው፤ አድልዎው ግን ነጥቡ ውስጥ ቀድሞ ገብቷል።

መምህርት፣ ከባሕር ዳር፦ «ኮሚቴው ውስጥ ሴትም አለች» ማለትም መልስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 127 የሳይንስ መምህራን ለላቦራቶሪ ሥራ አስኪያጅነት የቀረበ አንድ ዓይነት ማመልከቻ ገመገሙ። ልዩነቱ ስሙ ብቻ ነበር፤ ለከፊሎቹ ጆን፣ ለከፊሎቹ ጄኒፈር። ጆን የበለጠ ብቁ ተባለ፤ የታሰበለትም ደመወዝ 30,000 ዶላር ገደማ ሲሆን የእርሷ 26,500 ገደማ ነበር። ሴቶቹም መምህራን የፈረዱት እንደ ወንዶቹ ነው።

የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ታዲያ ስም ሸፍነን እንገምግም? እዚህ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። እውነቱን ልናገር፤ የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው፣ ደመወዝም ይከፈልበታል። ጥቂት ሠራተኛ ላለን ሰዎች ከባድ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ ወጪውን አልክድም። ግን ያንን ወጪ ላላገባችውም፣ ልጆቿን ላሳደገችውም አስቀድመው ይቆጥሩባታል። ለአባት አዋጁ የሚሰጠው 3 ቀን ብቻ መሆኑ ደግሞ ልጅ የእናት ብቻ ጣጣ ነው የሚለውን ያጸናዋል። ስም መሸፈኑ ይቅር። ጥያቄዎቹ ቀድመው ይጻፉ፤ ለሁሉም እኩል ይቅረቡ፤ እያንዳንዱ ገምጋሚም ከውይይቱ በፊት ነጥቡን ጽፎ ያስረክብ።

ከቡሬ፦ የመጨረሻውን እቀበላለሁ። እኛ ዘንድ ሰብሳቢው ነጥቡን ጮክ ብሎ ከተናገረ በኋላ ነው ሌላው የሚጽፈው። አድልዎ አለ የሚለውን ግን ገና አላመንሁም።

ከደብረ ማርቆስ፦ እንግዲያው በሚቀጥለው ቅጥር ለየብቻ ጻፉና ወረቀቶቹን ከቀድሞዎቹ ጋር አስተያዩአቸው።