ሰንሰለት ወይስ ጠፍር?

ፈረስ የምታውቁ፣ እስቲ ምከሩኝ። ሱሉልታ ላይ የምጋልበው ዳማ ፈረስ አለኝ። በአንድ እጅ ዛብ ላስለምደው ብዬ ከአሜሪካ የካውቦይ ልጓም አስመጣሁ፤ ግራና ቀኙ ረጅም ዘንግ ያለው። ይሄ ልጓም አፉን ብቻ አይደለም፣ አገጩንና አናቱንም ይጫናል። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ጫናው ይብሳል።

የቸገረኝ ከአገጩ ሥር የሚያልፈው ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱና በአገጩ መሃል ሁለት ጣት ያስገባል፤ አገጩን የሚይዘውም ዛቡ ተስቦ ዘንጉ ወደ 45 ዲግሪ ሲዞር ነው። ልክ ነው አይደል? ግን ገና ዛቡን ነካ ሳደርገው አፉን ከፍቶ አንገቱን ሽቅብ ይወረውራል። ጥርሱን ሐኪም አይቶታል፣ ደህና ነው። አገጩ ሥር ጎድጎድ ያለችው ቦታ ግን ፀጉሯ ተልጧል።

ሰንሰለቱን ትቼ ሰፋ ያለ የቆዳ ጠፍር ላሰፋለት? ወይስ መጀመሪያ ዘንጉን በአጭር ልቀይር? የታች መንጋጋውን በብረት ቀለበት የሚይዘውን የአገራችንን ልጓም ግን እንዳትሉኝ፤ እሱማ ጭራሽ ያስመርረዋል።