የ«አሜሊ» ጥያቄ፦ ኦድሬ ቶቱ ምን ስላደረገች ነው የምትወደደው?

ጥያቄ
በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው የዳይሬክተር ዣን-ፒየር ዥኔ የፈረንሳይ ፊልም «አሜሊ» ሲነሳ የኦድሬ ቶቱ ትወና አብሮ ይወደሳል። ግን የምትጫወታት ልጅ አሜሊ ብዙም አታወራም፤ ግማሹን የሚነግረን ተራኪው ነው። ታዲያ የእሷ ድርሻ የቱ ጋ ነው? በዚያ መልክ አጭር ፊልም ሲሞከርስ ለምን ካርቱን ይሆናል?

መልስ 1
ድርሻዋ ዝምታው ነው። ተራኪው አንድሬ ዱሶሊዬ የሆዷን ሁሉ ስለሚነግረን እሷ በፊቷ መድገም የለባትም። የምትወደው ልጅ ኒኖ እሷ ወደምትሠራበት ካፌ የሚመጣበትን ትዕይንት ድምፁን አጥፍተህ እየው። እሷ መስታወት ላይ ሜኑ የምትጽፍ መስላ ቆማለች። ፎቶ አሳይቶ «አንቺ ነሽ?» ሲላት ራሷን ትነቀንቃለች፣ አይደለሁም። በቃ። ሲወጣ ግን ፊልሙ እሷን ውኃ አድርጎ ወለሉ ላይ ያፈሳታል። መቅለጡን ኢፌክቱ ወሰደው፣ ለእሷ የቀረላት መካዱ ብቻ ነው። አስመሳዮቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ተዋናይቷም ዓይኗን ታፈጣለች፣ ሙዚቃውም ይጮኻል፣ ካሜራውም ይሮጣል።

(በነገራችን ላይ ሚናው መጀመሪያ የተጻፈው ለእንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ዋትሰን ነበር። ቶቱን ዥኔ ያያት የሌላ ፊልም ፖስተር ላይ ነው።)

መልስ 2
የካሜራውን ጉዳይ ልጨምር። ዥኔ ፊት የሚያነሳው በሰፊ ሌንስ፣ ተጠግቶ ነው። በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነ) 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዘህ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ብትቆም ራስና ትከሻ ይሞላልሃል፤ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያንኑ ለማግኘት ከ2 ሜትር በላይ መራቅ አለብህ። ልዩነቱ ዓይን ይገዝፋል፣ ከኋላ ያለው ክፍልም ይታያል። ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ከተጠጋህ ግን አፍንጫ ይወጣል፣ ጆሮ ይሸሻል፤ ካርቱን ያልከው እሱ ነው። በዚህ ርቀት ትንሽ የቅንድብ እንቅስቃሴም ትጮኻለች፣ ስለዚህ ተዋናይቷን ቀንሺ በላት።

ከለሩን ደግሞ ኤዲት ላይ ብቻ አትጠብቀው። ሲኒማቶግራፈሩ ብሩኖ ደልቦኔል አረንጓዴ፣ ቀይና ወርቃማ ይዞ ነው የሄደው፤ መነሻቸው የብራዚላዊው ሠዓሊ የዡዋሬዝ ማሻዶ ሥዕሎች ናቸው። የፊልሙ ከለር በኮምፒውተር ታርሟል፣ ግን ግድግዳውና ልብሱ አስቀድሞ ተመርጧል። ነጭ ግድግዳ ፊት ቀርጸህ በኋላ አረንጓዴ ብትጨምር መጀመሪያ የሚበላሸው የሰው ቆዳ ነው። ከፍሬሙ ሰማያዊ ዕቃ ሁሉ አውጣ፣ አንድ ብቻ ተው።

መልስ 3
ትወናው ላይ እስማማለሁ፣ ፊልሙ ላይ ግን ትንሽ ልቆጠብ። ታሪኩ የሚካሄድበት የፓሪሱ ሰፈር የሞንማርትር ግድግዳ ላይ የነበረው ግራፊቲ ሳይቀር ተጠርጓል፤ ፈረንሳይ ውስጥም «ይሄ የትኛው ፓሪስ ነው?» ብለው የተቹት ነበሩ። እኔን የሚያስታርቀኝ የአሜሊ ተንኮል ነው። የአትክልት ነጋዴውን ኮሊኞን ስትቀጣ ነጠላ ጫማውን በትንሽ ቁጥር ትለውጣለች፣ የጥርስ ሳሙናውን በእግር ክሬም ትተካለች። እዚያ ጋ ፊቷ የደግ ሰው ፊት አይደለም። ያ ባይኖር ስኳሩ አይዋጥም ነበር።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። በስልክ ይሠራል?

መልስ 2
የብዙ ስልኮች ዋናው ካሜራ ወደ 24 እና 26 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ ይሠራል። 0.5 የሚለውን፣ ይበልጥ ሰፊውን ሌንስ፣ አትንካ። የራስ ፎቶ «ቆንጆ ማድረጊያ»ውንም አጥፋው፣ ቅንድቧን ይውጥብሃል።